አስናቀ የገደለው ሰው

አስናቀ «እኔ» ሲል የሰማው ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ አልነበረም። ቃሉን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ያሳፍረው ነበር። ሲያመው «ሰው አሞታል» ይላል። ሲርበው «እዚህ ሰፈር ሰው ምሳ አይበላም እንዴ?» ይላል። አንድ ቀን ባጃጅ እግሩን ረግጣው ስታልፍ «ኧረ ሰው ረገጥህ» አለና፣ ባለባጃጁ ደንግጦ ወርዶ የተረገጠውን ሰው ሲፈልግ፣ አስናቀም አብሮት ጎንበስ ብሎ ከጎማው ሥር ፈለገ ይባላል። ይህች የመጨረሻዋ ወሬ እንኳ ውሸት ልትሆን ትችላለች። የሚያውቁት ሁሉ ግን ያምኗታል።

ተወልዶ ያደገው ፋርጣ ነው፣ ከከተማው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። በልጅነቱ የኔታ ዘንድ ገብቶ ፊደል ቆጠረ፣ አቡጊዳን ተሻገረ፣ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ሲደርስ አባቱ የሚያርስላቸው አጡና «ለአንድ ክረምት ብቻ» ብለው ጠሩት። ያቺ ክረምት ሠላሳ ዓመት ቆየች። ስለዚህ ያነባል፣ ግን ጣቱን እያስከተለ ነው። ይጽፋልም፣ ግን አንዷን ፊደል ጨርሶ ወደ ሌላዋ ከማለፉ በፊት የሞላ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ቆም ብሎ ያያል።

አሁን አርባ አራት ዓመቱ ነው። ገብሱንና በሬዎቹን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ ከተማ ከገባ አራት ዓመት ሆነው። ከመነኸሪያው ጀርባ ባለው የኤርምያስ ጌም ቤት በር ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ዘበኛ ነው።

ጌም ቤቱ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ አራት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ወለሉ ላይ የተዝረከረከ ሽቦ። ኤርምያስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር የተማረ፣ ትሑት የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ቤቱን የከፈተው ሥራ እስኪያገኝ ብሎ ነበር፤ ይኸው እስካሁንም እስኪያገኝ ነው። የሚመጡት ተማሪዎች ናቸው፣ ባለባጃጆች ናቸው፣ አንዳንዴም ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ከቢሮ ሹልክ የሚሉ ሰዎች።

አስናቀ በተቀጠረ በመጀመሪያው ቀን ከውስጥ «ገደልኩት» የሚል ድምፅ ሰማና ዱላውን ይዞ ገባ። ገዳዩ ሎሚናት ይጠጣል። ሟቹ ከአጠገቡ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። አስናቀ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ «ሞትኩ፣ ሞትኩ» የሚል ሰማ፤ አሁንም ገባ። በሦስተኛው ኤርምያስ አዘነለትና ሊያስረዳው አጠገቡ ተቀመጠ።

ነገሩ የከበደው በአንድ ጌም ላይ ነበር። ሁለት ሰዎች እየተያዩ በዱላ የሚፋለሙበት ነው። ከተፋላሚዎቹ አንዱ ጢማቸው እስከ መቀነታቸው የወረደ፣ ነጭ የለበሱ፣ መቋሚያ የመሰለ ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አስናቀ በሩ ላይ ሆኖ አንገቱን አስግጎ ሲያይ «ኧረ እሳቸውን እንዲህ አትምቷቸው» ብሎ ቤቱን ሁሉ በሳቅ ገደለው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ሽማግሌውን በያዙ ቁጥር ወደ በሩ ዞር ብለው «ጋሼ፣ እሳቸው እንዴት ዋሉ?» ማለት ለመዱ።

ኤርምያስ በእርጋታ አስረዳው። ሰውዬው ሰው አይደለም፤ ሰው የሚሆነው ጆይስቲኩን፣ ባለቁልፉን ማዘዣ፣ የያዘው ነው። ስለዚህ ዱላው ሲያርፍ «እሱ መታ» አይባልም፣ «መታሁ» ነው የሚባለው። አስናቀ አሰበበትና ሲሞትስ ምን እንደሚባል ጠየቀ። ያው «ሞትኩ» ይባላል።

«እና ይህ ሁሉ ሰው ሞትኩ እያለ ውሎ ቤቱ ገብቶ ይበላል?»

«በደንብ ይበላል፣ ጋሽ አስናቀ።»

እንግዲህ የቤቱ ሕግ ይህ ነው። አስናቀ ግን በር ላይ አራት ዓመት ተቀምጦ ሲያዳምጥ ኤርምያስ ያልነገረውን ሁለተኛ ሕግ ደረሰበት። ያሸነፈ ሁሉ «መታሁት፣ ጣልኩት» ይላል። የተሸነፈ ግን፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሞትኩ ካለ በኋላ ምርር ሲለው፣ «ይህ ሰውዬ አልታዘዝ አለኝ» ይላል፤ ወይም ጆይስቲኩን ያገላብጣል። «እኔ» የሚባለው ነገር ድግስ ላይ ቀድሞ ደርሶ ለቀብር የሚጠፋ ዘመድ መሆኑን አስናቀ በዚህ አወቀ። አወቀና ዝም አለ።

ዝም ያላለው ስለ ላቀች ብቻ ነው። ስለ እሷም ቢሆን የተናገረው በሌላ ሰው አፍ ነው።

ላቀች ከመነኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በዳጣ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷ ቀልደኛ ናት፤ አስናቀ ደግሞ የሚሳቅበት ቦታ ላይ ዘግይቶ የሚስቅ ሰው ነው፤ ቀልዷን ይዞ ሄዶ ጌም ቤቱ በር ላይ ብቻውን ሲስቅ ትሰማዋለች። በዚያው ተዋደዱ። አባቷ ስለሌሉ የሚጠየቀው ታላቅ ወንድሟ ታምራት ነው፣ ያ ምላሱ እንደ ባጃጁ የሚፈጥነው ታምራት። አስናቀ ሽማግሌ ላከ። ታምራት «እናስብበት» አለ። ዓመት ጠብቆ ደግሞ ላከ። ታምራት በዚህኛው አስቦበት ነበር።

«ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ቃል ሲወጣው ሰምታችኋል?» አላቸው ሽማግሌዎቹን። «እህቴን ለግድግዳ አልድርም። ቆርቆሮ እንኳ ሲዘንብ ድምፅ አለው።»

ነገሩ በማግስቱ ከተማውን ዞረ። ከዚያ ወዲያ አስናቀ ለባለባጃጆቹ ሁሉ «ግድግዳው» ሆነ።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይላካል፤ ሦስተኛው እምቢታ በር ይዘጋል። ስለዚህ ላቀች ራሷ መላ መታች። ሦስተኛውን ሽምግልና ቄስ ገብረኪዳን ይምሩት አለች። ቄሱ የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት ናቸው፤ የእሳቸውን እግር ታምራት አይመልስም። ብቻ አስናቀ አስቀድሞ ንስሐውን ይጨርስ፤ እሷ በቁርባን ካልሆነ አታገባም። ቀጠሮው ለኅዳር መግቢያ ተያዘ። አስናቀ ራሱን ነቀነቀ። ኃጢአት ይኖረው እንደሆን ሲያስብ፣ ከአንድ ሁለት የጾም ቀን ስህተት በቀር የሚናገረው አጣና ትንሽ አፈረ።

ከዚያ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሐሙስ ቀን ያለ ወቅቱ ዘነበ።

ታምራት ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ራሱን እያራገፈ ገባ። ከእሱ ጋር የሚጫወት ሰው አልነበረም፤ የነበሩት በሌሎቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ተይዘዋል። ዞር ዞር አለና ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ። «ና እስቲ ግድግዳው፣ ዛሬ አንተን ልደብድብ» አለ። አስናቀ ዱላውን አሳየው፣ ሥራ ላይ ነኝ ለማለት። ኤርምያስ ግን ለዝናብ ቀን ዘበኛ አያስፈልግም ብሎ ዱላውን ተቀበለው።

ታምራት እንደ ወትሮው ቀይ ሻሽ ያሰረውን ጎረምሳ ያዘ። አስናቀ ሽማግሌውን መረጠ፣ ያው ከአክብሮት የተነሳ። አራት ዓመት ሲያይ የኖረውን ቁልፍ ጣቱ ሲነካው የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌው ወዲያው ወደቁ። አስናቀ በሆዱ «እሳቸው ወደቁ» አለ።

ታምራት ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። «ሽማግሌ ይልካል፣ በሽማግሌ ይጫወታል። የራሱ ጉልበት የት ሄዶ ነው?»

ሰው ሳቀ። አስናቀ ቴሌቪዥኑን አየ። ቀይ ሻሹ አልታየውም። የታየው የታምራት አንገት ነው፤ «ግድግዳ» ሲል የሚወጣ የሚወርደው ማንቁርቱ። ጣቱን ጫነ። ሽማግሌው በዘንጋቸው አንድ ጊዜ አሳረፉ፣ ደገሙ፣ ጎረምሳው ተዘረረ። አስናቀም የማያውቀውን ድምፅ ከገዛ አፉ ሰማ።

«ገደልኩህ» አለ። ቀጥሎም፣ እንዳልበቃው ሁሉ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩህ» አለ።

ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ኤርምያስ አፉን ከፍቶ ቀረ። እረፍት ላይ የነበረ አንድ ፖሊስ ተነስቶ አጨበጨበ። ታምራት ጆይስቲኩን አገላበጠና «ይህ ሰውዬ ዛሬ አልታዘዘኝም» ብሎ ዝናቡ ሳያባራ ወጣ።

ሰው አስናቀን ሲያቅፍና ትከሻውን ሲመታ፣ እሱ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር። እጁ ምን እንደነካ ያውቃል፤ ፕላስቲክ ነው። ልቡ ምን እንዳየም ያውቃል። ከሁሉ በላይ ያስፈራው ደግሞ ደስታው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ላቀች ድንች አልሄደም። የወንድሟን ደም የተመኘ ሰው የእህቲቱን ዳጣ እንዴት ይበላል? ንስሐ መግባት አለበት፤ ለቀጠሮው ብሎ ሳይሆን የእውነት።

ችግሩ መናገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአፉ እንደማይወጣ ስላወቀ ከኤርምያስ ወረቀት ለምኖ ጻፈው። ቄስ ገብረኪዳንን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ወረቀት ይዞ ለንስሐ የሚመጣ ሰው አይተው አያውቁም፤ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። «ሰውዬው ሐሙስ ቀን ሰው ገደለ። ሦስት ጊዜ መታው። ጨዋታ ነበር። ደስ አለው» ይላል።

«የማን ኃጢአት ነው ይህ?»

አስናቀ መሬት መሬት እያየ የሰውዬው ነው አለ።

«እንግዲያውስ ሰውዬው ይምጣ» አሉ ቄሱ። «በሰው አፍ ንስሐ አይገባም። አዳም እሷ ናት አለ፣ ሔዋን እባቡ ነው አለች፤ ሁለቱም ተያይዘው ወጡ። የራስህ ከሆነ ‹እኔ› ብለህ ጽፈህ አምጣ። ጨዋታ ነበር የምትለዋንም እባብ አውጣት።»

ወረቀቱን መለሱለት። አስናቀ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፈ። «እኔ» የምትለዋ ሁለት ፊደል ናት፤ እሱ ግን ሌላውን ሁሉ ጽፎ ከፊት ለፊት ለእሷ ባዶ ቦታ ትቶላት ቆየ። በመጨረሻ አስገባት። ቀጥሎ እንደ ትእዛዙ እባቧን ሰረዘ። የቀረው ይኸው ነው፤ «እኔ ሐሙስ ቀን ሰው ገደልሁ። ሦስት ጊዜ መታሁት። አውቄ ነው። ደስ አለኝ።»

ቄስ ገብረኪዳን ይህንን ቆመው ሲያነቡ ከዋርካው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። በመጀመሪያው ወረቀት የሌላ ሰው ወሬ የመሰላቸው ነገር አሁን ፊታቸው ቆሟል። ቀስ ብለው ሰውዬው ሞቶ እንደሆነ ጠየቁ። አስናቀ ሞቷል አለ። ያየ ሰው ነበር? ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ሕግ አላወቀም ወይ?

«ፖሊስም ነበር» አለ አስናቀ። «አጨበጨበ።»

ቄሱ አማተቡ። ዘመኑ መክፋቱን ያውቁ ነበር፤ እዚህ መድረሱን ግን አልሰሙም። በመጨረሻ የሟች ወገን ማን እንደሆነ ጠየቁ። አስናቀ ታምራት ነው አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ለቄሱ ወለል ብሎ ታያቸው። ታምራት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ የመለሰው ለካ የደም ነገር ቢሆንበት ነው። ወገኑ ተገድሎበት፣ ገዳዩ እህቱን ሲጠይቀው፣ «እናስብበት» ብሎ ብቻ የሸኘ ሰው። መሳሪያ አልመዘዘ፣ አልከሰሰ። እንዲህ ያለ ታጋሽ በዚህ ከተማ መኖሩን ሳላውቅ አረጀሁ አሉ።

አስናቀ «ጨዋታ» ሊል አፉን ከፈተ። እባቡ ትዝ አለውና ዘጋው።

ቄሱ ቆረጡ። ደሙ ሳይደርቅ ሥጋ ወደሙ አይታሰብም፣ ጋብቻም አይታሰብም። ለእርቅ ሲባል ነገሩን ለሽማግሌ እንዲያወጡት ይፈቅድ እንደሆን ጠየቁት፤ አስናቀ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ድንጋይ ተሸክሞ መውደቅ ይችል እንደሆን ጠየቁት፤ ነቀነቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረኪዳን መስቀላቸውን ይዘው፣ የእድሩን ዳኛ አቶ በላይነህንና አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው፣ ታምራት ደጅ ቆሙ። አስናቀ አንገቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። በሩን የከፈተው ታምራት ራሱ ነው፣ የባጃጅ መወልወያ ጨርቅ በእጁ። ግቡ አለ። ቄሱ ነገራችን ሳይሰማ አንገባም አሉ።

«ልጄ ታምራት፣ የመጣነው ለደም ነው። የሟችን ነፍስ ይማር። አንተ አውቀህ፣ ችለህ፣ በሆድህ ይዘኸው እንደኖርክ እናውቃለን። ዋጋህን እግዚአብሔር ይክፈልህ።»

ታምራት የማን ደም እንደሆነ ጠየቀ። ቄሱ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትዕግሥቱ እስከዚህ ድረስ መሆኑ ገረማቸው። የታምራት ሚስት አልማዝ ከጓዳ «ደም» የሚል ስትሰማ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ «ወንድሜን» ብላ እየጮኸች ወጣች። ታምራት ስልኩን አወጣ። እናቱ ያለችው አንበሳሜ ከተማ ነው፣ ትናንት አናግሯታል። ለአጎቱ ደወለለት፤ አጎቱ አነሳና ምን ሆንክ አለው። ማን ሞተብኝ እያለ ዘመዱን በጣቱ ቆጠረ፤ ቁጥሩ ሞላ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። እዚያው ግቢ ከወንድሟ ጋር የምትኖረው ላቀች ነጠላዋን እያጣፋች ወጣችና ከአጥሩ ማዶ አስናቀን ከነድንጋዩ አየችው።

«አስናቀ፣ ግባ» አሉ ቄሱ። «በአፍህ ተናገር።»

አስናቀ ገብቶ ተንበረከከ። «ሰው…» ብሎ ጀመረ፣ እንደ ልማዱ። የቄሱን ዓይን አየና መለሰው።

«እኔ ገደልሁ።»

«ማንን?» አለ ታምራት።

«አንተን።»

አልማዝ ለቅሶዋን ከመሐል አቋርጣ ባሏን አየችው። ቆሟል። ጨርቁን ይዟል።

አቶ በላይነህ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባቸው ሰው ናቸው። ወደ ቄሱ ጠጋ አሉና «ሟቹ በሩን የከፈተልን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ታምራት መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አስረዳ። የቴሌቪዥን ጌም ነው። ዝናብ ይዞት ነው። የሞተው እሱ አይደለም፣ ቀይ ሻሽ ያሰረው ሰውዬ ነው። እሱ ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን አገናኘው?

አቶ በላይነህ አሁንም ቀስ ብለው ነው። «መስከረም ላይ መነኸሪያው በር አሥራ አንድ ሰው ገደልኩ እያልክ ስትፎክር አልነበረም? እኔ ጆሮዬን ይዤ ነው ያለፍኩት።»

«እሱማ… እሱ እኔ ነኝ።»

«ስትገድል አንተ ነህ፣ ስትሞት ሰውዬው ነው?» አሉ ቄስ ገብረኪዳን።

ላቀች በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቄሱ አሁን ወደ አስናቀ ዞሩ። ጆሯቸው ቀልቷል፤ ሦስት ሽበታም ሰው ለአንድ ቀይ ሻሽ ደም ሊያደርቁ ከቅዳሴ መጥተዋል። ጨዋታ ከሆነ ለምን እንዳልጻፈ ጠየቁት። ጽፎ እንደነበረና እሳቸው እንዳስወጡት ተናገረ። ቄሱ ይህንን አስታወሱና ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ አቶ በላይነህ ነገሩን ለማሳጠር መንገድ ከፈቱለት።

«በል ልጄ፣ ገዳዩ ያ በቴሌቪዥን ያለው ሽማግሌ ነው፣ እኔ አይደለሁም በልና ድንጋይህን አውርድ። እኛም ምሳችንን እንብላ።»

አንገቱን እያመመው ነበር። ድንጋዩን ለማውረድ አንዲት ቃል ብቻ ይበቃዋል፤ ዕድሜ ልኩን የለመዳት ቃል። ግን አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ጎረቤት አየ፤ በታምራት ከንፈር ላይ ተመልሳ የመጣችውንም ፈገግታ አየ። ድንጋዩን አሁን ካወረደ ሦስተኛው ሽምግልና ይኸው በሳቅ አለቀ ማለት ነው። ታምራት ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስት ጊዜ ሸኘሁ ይላል። ላቀችም ድንቿን እየቀቀለች ትቀራለች።

«አይ» አለ አስናቀ። «ጣቴ የነካው የቴሌቪዥኑን ሰው ነው። ልቤ ያየው ግን አንተን ነው። ሁለት ጊዜ መልሰኸኝ፣ ግድግዳ ብለኸኝ… አንገትህን አየሁትና መታሁት። ደስም አለኝ። ይህንን እሳቸው ናቸው ብል እዋሻለሁ። እኔ ነኝ።» ትንፋሽ አጠረውና ቆመ፤ ሰው ሁሉ ጨረሰ ሲል ቀጠለ። «ላቀችንም የምፈልግ እኔ ነኝ። ሽማግሌ አይደለም።»

ከአጥሩ በኩል አንዱ «ግድግዳው ተናገረ» አለ፤ ማንም ግን አልሳቀለትም።

ታምራት ጨርቁን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ሲያጤነው የሚይዘው ነገር ጠፋበት። እምቢ ያለው ሰውዬው አይናገርም ብሎ ነበር፤ ሰውዬው ተናገረ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ የወደቀን ሰው ደግሞ ጎረቤት እያየ አይመልሱም። እኔ አልሞትኩም፣ ይቅርታም የለኝም እንዳይል፣ አሥራ አንዱ ሰው ትዝ አሉት። ጠጋ ብሎ ድንጋዩን ከአስናቀ አንገት ላይ አነሳና መሬት አስቀመጠው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ለገደልከኝ።»

ቄስ ገብረኪዳን የመጡበትን ሥራ ሳይጨርሱ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ጨዋታም ይሁን ምንም፣ ልብ ውስጥ የፈሰሰ ደም ደም ነው ብለው ሁለቱንም መስቀል አስመቷቸው። አስናቀ ዳግመኛ ክፉ እንዳያስብ ማለ። ታምራት ደሙን ላይመልስ፣ በእጁም በሰው እጅም ላይበቀል ማለ። ከዚያ የላቀች ነገር ተነሳ፤ ታምራት እሷን ጠይቋት አለ።

«አሁን ነው የምጠየቀው?» አለች ላቀች። «ቅድም ከነድንጋዩ ሳየው ጨርሻለሁ።»

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ቄሱ ለአስናቀ አርባ ስግደት ሰጡት፣ ለታምራትም ለአሥራ አንዱ አርባ። ለጌም ቤቱም ትእዛዝ ላኩ። ኤርምያስ እሺ ብሎ ማስታወቂያውን አስናቀን አጻፈው፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀበት። «በዚህ ቤት ገደልሁ ሞትሁ ማለት ክልክል ነው። ሰውዬው ገደለ ሰውዬው ሞተ ይባል» ይላል። በሩ ላይ ተለጥፏል። ተጫዋቾቹ ያነቡታል፣ እሺ ይላሉ፣ ገብተው ይሞታሉ።

ከሁሉ የተጎዳው ታምራት ነው። ሽንፈቱን የሚመልስበት መንገድ ሲፈልግ ነው መሐላው ምን እንደነበረ የገባው። ጌም ቤት ገብቶ አስናቀን ና ግጠመኝ ሲለው፣ አስናቀ ከበሩ ሳይነሳ ምለሃል አለው። ሰው ሁሉ ምለሃል አለው። አንድ ሳምንት ሲብሰለሰል ከረመና በመጨረሻ ቄሱ ዘንድ ሄደ። የማለው እሱ ነው፤ ቀይ ሻሽ ያሰረው ሰውዬ ግን አልማለም። ታዲያ ሰውዬው ደሙን ቢመልስ ምን ኃጢአት አለበት?

ቄስ ገብረኪዳን ብዙ አሰቡበት። እውነትህን ነው፣ እሱ አልማለም አሉ። ስለዚህ ሰውዬው ከፈለገ ሄዶ መፋለም ይችላል። ብቻ ራሱ ይፋለም፤ አንተ እጅህን እንዳታስገባበት።

ሐሙስ ዕለት ታምራት መጣ። ጌሙን ከፈተ፣ ቀይ ሻሹን መረጠ፣ ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቀይ ሻሹ ዱላውን ይዞ ከወገቡ ወዘወዝ እያለ ቆሟል። ሽማግሌውም ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ የሚነካቸው ሰው የለም። ቤቱ ሁሉ የራሱን ጨዋታ ትቶ ያያል።

አስናቀ ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሰውዬው እምቢ ብሎ ቆሟል አሉት።

«እኔ አልቸኩልም» አለ አስናቀ። «ያስብበት።»